ያልለመኑት ግብዣ፦ የካውንተር ስትራይክ 2 ውሱን ሙከራ በአንድ የጎንደር ጌም ቤት

ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ካውንተር ስትራይክ 2 የተሰኘውን የተኩስ ጌም ይፋ ሲያደርግ፣ ጌሙ ለሁሉም እስኪለቀቅ ድረስ ጥቂት ተጫዋቾች ብቻ ገብተው የሚሞክሩት «ውሱን ሙከራ» በዚያው ዕለት መጀመሩን አስታወቀ። ለዚህ ሙከራ መመዝገቢያ ቅጽ አልተዘጋጀለትም፤ የሚከፈል ገንዘብም አልነበረም፤ ልለምን የሚል ሰው ቢኖር እንኳ የሚለምንበት ቦታ አልነበረውም። መራጩ ኩባንያው ራሱ ነው፤ የተመረጠው ሰው መመረጡን የሚያውቀውም የቀድሞውን ጌም፣ ማለትም ካውንተር ስትራይክ ግሎባል ኦፌንሲቭን፣ ሲከፍት በመጀመሪያው ገጽ ላይ በሚያገኘው ማስታወቂያ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ጉዳይ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጌም ቤት ውስጥ፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ በአንድ አካውንት ላይ ከታየ በኋላ የሆነውን ይመለከታል። ጉዳዩን ያጠናቀርኩት የአካውንቱን ባለቤት፣ ታናሽ ወንድሙን፣ የጌም ቤቱን ጠባቂና የጌም ቤቱን ባለቤት በየተራ በማነጋገር ሲሆን፣ ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለፈለጉ ማንንም በስም አልጠራሁም።

ስለ ምርጫው መስፈርት ቫልቭ የገለጸው ጥቂት ነገር ነው። በራሱ ሰርቨሮች ላይ በቅርብ ጊዜ የተደረገ ጨዋታ፣ «ትረስት ፋክተር» የሚባለው የታማኝነት መለኪያ፣ እንዲሁም ተጫዋቹ በስቲም፣ ማለትም በቫልቭ የጌም መሸጫና ማጫወቻ መድረክ፣ ላይ ያለው አካውንት ሁኔታ ከሚታዩት ነገሮች መካከል እንደሆኑ ተናግሮ፣ ሌሎች መስፈርቶች መኖራቸውን ጠቁሞ አልፏል። ትረስት ፋክተር ከ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ የዋለ መለኪያ ነው፤ ተጫዋቹ በጌሙ ላይ ያሳለፈውን ጊዜ፣ በሌሎች ተጫዋቾች በማጭበርበር ምን ያህል ጊዜ እንደተከሰሰ፣ በስቲም ላይ ሌሎች ጌሞችን ምን ያህል እንደሚጫወትና ይህን የመሳሰለውን ሁሉ ያገናዝባል፤ ውጤቱ ግን ለተጫዋቹ አይታይም። ስለዚህ ግብዣ የደረሰው ሰው ለምን እንደደረሰው፣ ያልደረሰውም ለምን እንደቀረበት በቁጥር አስቀምጦ የሚያስረዳው የለም። ብዙ ሰው ነገሩን «ሎተሪ» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፤ የማልስማማበትን ምክንያት የዚህ አካውንት ታሪክ ከማንኛውም ክርክር በተሻለ ያሳያል።

ሦስት ሰው፣ አንድ አካውንት

አካውንቱን የከፈተው ታላቁ ወንድም ነው። ጌሙ በኅዳር 2011 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር እሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በዚያን ጊዜ በነፃ የሚጫወት ሰው «ፕራይም» የሚባለውን ደረጃ ያለ ክፍያ ማግኘት ይችል ነበር፤ ፕራይም ያለው ተጫዋች በአመዛኙ ከመሰሎቹ ጋር ስለሚመደብ፣ ትናንት ተከፍተው ዛሬ በማጭበርበር ከሚታገዱ አካውንቶች ጋር እምብዛም አይገናኝም። መንገዱ ግን ረጅም ነበር፤ እየተጫወቱ ነጥብ በማጠራቀም ደረጃ 21 ላይ መድረስን ይጠይቅ ነበር። ታላቁ ወንድም ይህን በሁለት የክረምት ዕረፍት ጨርሶታል። ቫልቭ በ2013 ዓ.ም. ያንን መንገድ ዘግቶ ፕራይምን በ15 ዶላር ገደማ ብቻ መሸጥ ሲጀምር፣ በጌም ቤቱ ውስጥ ፕራይም ያላቸው ሰዎች ቁጥር ባለበት ቆመ። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል የባንክ ካርድ በእጁ ላለው ሰው 15 ዶላር ያን ያህል አያስጨንቅ ይሆናል፤ ካርድ የሌለው ግን የስቲም የስጦታ ኮድ ከሚሸጡ የቴሌግራም ነጋዴዎች ላይ ጨምሮ መግዛት አለበት፤ ገንዘቡን ልኮ ኮዱ ሳይደርሰው የሚቀረውም ጥቂት አይደለም።

በመሆኑም አካውንቱ በቤቱ ውስጥ ዋጋ ያለው ንብረት ሆነ። ታላቁ ወንድም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ቅዳሜና እሑድ ብቻ መጫወት ጀመረ። በአዘቦት ቀናት ታናሹ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይገባበታል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ቤቱን የሚጠብቀው ልጅ ይጫወትበታል። ፓስወርዱን ሦስቱም ያውቁት ነበር። በስቲም የተጠቃሚ ውል መሠረት ፓስወርድን ለሌላ ሰው መስጠትም ሆነ ሌላ ሰው በአካውንቱ እንዲጠቀም መፍቀድ የተከለከለ ነው፤ ይሁንና ያንን ውል ከመካከላቸው ያነበበ አልነበረም። በጌም ቤት አካውንት መዋዋስ የመቆጣጠሪያ ጆይስቲክ ተቀባብሎ ከመጫወት ተለይቶ አይታይም።

እንግዲህ የቫልቭ ሰርቨር ይህን አካውንት ሲመለከት የሚያየው ምንድን ነው? ጠዋት የሚጫወት፣ ከሰዓት በኋላም የሚመለስ፣ ቅዳሜና እሑድም የማይቀር፣ ከአራት ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ አንድም ጊዜ ታግዶ የማያውቅ፣ ከነፃ መስመር ተነሥቶ በትጋት ፕራይም የደረሰ አንድ ሰው ነው የሚያየው። እንዲህ ያለ ትጉህ ተጫዋች ለሙከራ ቢመረጥ የሚያስደንቅ አይደለም። ችግሩ እንዲህ ያለ ሰው አለመኖሩ ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ፣ ታላቁ በቅርብ ጊዜ ባስመዘገበው ሰዓት ማነስ፣ ጠባቂው ደግሞ ፕራይም የሌለው የራሱ አካውንት አዲስና ባዶ በመሆኑ ይመረጡ ነበር ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ግብዣው የመጣው ሦስቱ ሳያውቁት ተደምረው ለፈጠሩት ተጫዋች ነው። ዕጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር።

ማስታወቂያው የታየበት ቀን

ማስታወቂያውን መጀመሪያ ያየው ታናሹ ነው። ትምህርት ቤት ውሎ መጥቶ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። ሲም ካርድ የሚገባበት የቤቱ ራውተር በሽቦ ከመስኮቱ ፍርግርግ ጋር ታስሮ የሚውል በመሆኑ፣ በዚያ ወንበር ላይ ኔትወርክ ይሻላል የሚል እምነት በልጆቹ ዘንድ አለ፤ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ከራውተሩ ጋር የተገናኙት በአንድ ዓይነት ገመድ ስለሆነ እምነቱ መሠረት የለውም፤ ለወንበሩ ግን ይጣሉበታል። ጌሙን ሲከፍት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ለካውንተር ስትራይክ 2 ውሱን ሙከራ መመረጡንና «ተመዝገብ» የሚለውን ቁልፍ እንዲጫን የሚጋብዝ ሳጥን አገኘ።

የመጀመሪያ ስሜቱ ደስታ ሳይሆን ጥርጣሬ ነበር፤ መጠርጠሩም ተገቢ ነው። ከመጋቢት ወር ጀምሮ የሙከራውን መግቢያ እንሰጣለን የሚሉ የሐሰት መልእክቶች በስቲም ቻትና በቴሌግራም ይዘዋወሩ ነበር። አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው፤ ሊንክ ይልካሉ፤ ሊንኩ የስቲምን መግቢያ የሚመስል ገጽ ይከፍታል፤ ተጫዋቹ ስሙንና ፓስወርዱን ሲያስገባ አካውንቱ በሌላ ሰው እጅ ይገባል፤ ስኪኖቹም፣ ማለትም በገንዘብ የሚሸጡት የጌሙ መሣሪያዎች ጌጦች፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይወሰዳሉ። የዚያው ጌም ቤት ደንበኛ የሆነ አንድ ልጅ በሚያዝያ ወር በዚህ መንገድ አካውንቱን አጥቶ ነበር። ታናሹ ቁልፉን ሳይነካ ወንድሙ ዘንድ ደወለ።

«አያ፣ ሲኤስ ሁለት ተመርጠሃል፣ ግባ እያለኝ ነው። ሌባ ይሆን እንዴ?»

«ሊንክ ተልኮልህ ነው ወይስ ጌሙ ራሱ ውስጥ ነው የመጣው?»

«ጌሙ ውስጥ ነው፤ ስከፍተው ነው የመጣ።»

«እንግዲያው ምንም እንዳትነካ፤ ስወጣ እመጣለሁ።»

የታላቁ ጥያቄ ነገሩን በትክክል የለየ ጥያቄ ነበር። ይህ ግብዣ የሚታየው ተጫዋቹ ራሱ በከፈተው ጌም የመጀመሪያ ገጽ ላይ ነው፤ ፓስወርድ በድጋሚ አይጠይቅም፤ ወደ ሌላ ገጽም አይመራም። ኩባንያው መመዝገቢያ የለም ብሎ አስቀድሞ መናገሩም ለጥንቃቄ የሚረዳ ነበር፤ መመዝገቢያ የሌለው ነገር ላይ «ተመዝገቡ» ብሎ ሊንክ የሚልክ ሁሉ አጭበርባሪ እንደሆነ ከዚያ ብቻ መረዳት ይቻላልና። እንዲያም ሆኖ ታላቁ ከሥራ ወጥቶ እስኪመጣ ድረስ ታናሹ ወንበሩን ሳይለቅ፣ ሌላ ጌምም ሳይከፍት ጠበቀ፤ የተቀመጠበትን ሰዓት ሒሳብም የቤቱ ባለቤት አስከፍለውታል።

ስለ ድንገተኛ ግብዣዎች ጥቂት

ከጉዳዩ ሳልርቅ አንድ ነገር ልጨምር። ተጫዋች ሳይጠብቅ የሙከራ መግቢያ የሚያገኝበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም፤ ድንገተኛነቱም በየመንገዱ ይለያያል። ቫልቭ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ «ስቲም ፕሌይቴስት» የሚባለውን አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ፣ ማንኛውም ጌም ሠሪ በጌሙ ገጽ ላይ መግቢያ መጠየቂያ ቁልፍ ማስቀመጥ ይችላል። የጠየቁት ሰዎች በወረፋ ይቆያሉ፤ ሠሪው በፈለገው ጊዜ የፈለገውን ያህል ሰው ያስገባል። በዚህ መንገድ የሚመጣው ግብዣ ያልተጠበቀ የሚመስለው ተጫዋቹ ራሱ ከወራት በፊት መጠየቁን ስለሚረሳ ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የታየው የዴድሎክ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ቫልቭ ያንን ጌም ይፋ ሳያደርግ፣ አስቀድሞ የገባ ሰው ጓደኛውን እንዲጋብዝ ፈቅዶ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ሲጫወተው ቆይቷል፤ ዘ ቨርጅ የተባለው መገናኛ ብዙኃን ጋዜጠኛም ተጋብዞ ገብቶ ያየውን ከጻፈ በኋላ ከሌሎች ጋር እንዳይጫወት ታግዷል። እዚያ ግብዣው የሚያልፈው በትውውቅ ነው፤ ማን እንደጋበዘህ ታውቃለህ። የካውንተር ስትራይክ 2 ሙከራ ከሁለቱም የሚለየው ተጋባዡ ያልጠየቀ፣ የሚያውቀው ጋባዥም የሌለው በመሆኑ ነው። የጎንደሩ ጉዳይ የተወሳሰበውም በዚሁ ነው፤ ጋባዡ የሚያውቀው አካውንቱን ብቻ ስለሆነ «ከሦስታችን የተጋበዘው ማን ነው?» ብለው የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም።

ከ2 ጊጋባይት ወደ 8

ታላቁ ሲመጣ ቁልፉ ተጫነ፤ ማውረዱም ተጀመረ። ቤቱ በወር የሚገዛው የዳታ ጥቅል ለዚህ የሚበቃ አልነበረም፤ በቀን ሲወርድ ደግሞ ሌሎቹ ደንበኞች ጨዋታቸው ስለሚንቀጠቀጥባቸው ይጮኻሉ። የቤቱ ባለቤት የሰጡት መፍትሔ ማታ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ አንድ ኮምፒውተር ሳይጠፋ እንዲያድርና የሌሊት ጥቅሉን ወንድማማቾቹ እንዲገዙ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ማውረዱ ተቋረጠ፤ ስቲም ካቆመበት ስለሚቀጥል የጠፋው ጊዜ እንጂ ዳታ አልነበረም። በሁለተኛው ሌሊት ተጠናቀቀ።

ፋይሉ ከወረደ በኋላ የቤቱ ጠባቂ ብልህ የመሰለ ሐሳብ አመጣ። ፎልደሩን በፍላሽ ወደ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ገልብጠን ሌላውም ደንበኛ ይጫወት አለ። በጌም ቤቶች የተለመደ አሠራር ነው፤ አንድ ጊዜ የወረደ ጌም ቤቱን በሙሉ ያዳርሳል፤ ስቲምም ፋይሎቹን አረጋግጦ ይቀበላቸዋል። ይህ ግን አልሠራም፤ ሊሠራም አይችልም ነበር። ወደ ሙከራው የሚያስገባው ቁልፍ የሚታየው በተመረጠው አካውንት ብቻ ነው፤ ፋይሉ በዲስኩ ላይ መኖሩ ለሌላው አካውንት ምንም አይጨምርለትም። ጨዋታው የሚካሄደው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ደግሞ ወረፋ የሚያስይዘው ሰርቨሩ ነው። ይኸው አካውንት በአንድ ጊዜ በሁለት ኮምፒውተር ላይ ሊጫወት ስለማይችልም፣ ስምንት ኮምፒውተር ባለበት ቤት ውስጥ ካውንተር ስትራይክ 2ን በአንድ ጊዜ መጫወት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የቀሩት ከጀርባው ቆመው ያያሉ።

የኮምፒውተሩ አቅም ሌላው እንቅፋት ነበር፤ ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ብዙ የሚናገረው ይህ ክፍል ነው። የቀድሞው ጌም በዝቅተኛ መስፈርቱ 2 ጊጋባይት ራምና 256 ሜጋባይት ግራፊክስ የሚበቃው በመሆኑ፣ ከመሥሪያ ቤቶች በጨረታ በወጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ሳይቀር ይሠራ ነበር፤ በጌም ቤቶቻችን ውስጥ ሥር ሊሰድ የቻለውም በዚህ ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 በይፋ ሲለቀቅ ያወጣው ዝቅተኛ መስፈርት ግን 8 ጊጋባይት ራም፣ ቢያንስ 1 ጊጋባይት ያለውና ዳይሬክት ኤክስ 11ን የሚደግፍ ግራፊክስ ካርድ፣ እንዲሁም 85 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ነው። ከቤቱ ስምንት ኮምፒውተሮች 8 ጊጋባይት ራም የነበረው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ባለቤቱ ለቪዲዮ ማቀናበሪያ የገዙት ነው። ሙከራውን የጀመሩት በተለመደው 4 ጊጋባይት ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ ጌሙ ተከፈተ፣ ደስት 2 የሚባለው ማፕ መጫን ጀመረ፣ ከዚያም ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ቀረ። ሲመለስ ጨዋታው ተጀምሮ ቆይቷል፤ ተጫዋቹም ከመነሻው ሳይንቀሳቀስ ተገድሏል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ የራሳቸውን ኮምፒውተር ሰጧቸው፤ በሰዓት የሚከፈለውም ከሌሎቹ ከፍ ያለ እንዲሆን ተስማሙ።

በጥሩው ኮምፒውተር ላይ ያዩት ነገር ደስ ያሰኛቸው እንደነበር ሦስቱም ይናገራሉ። ጭሱ ቦታ የሚይዝ፣ ጥይት ሲያልፍበት የሚቀደድና ቦምብ ሲፈነዳበት የሚገለጥ ሆኖ ነበር። አዲሱ «ሰብ ቲክ» የሚባለው አሠራር ግን በጎንደር ኔትወርክ ላይ የተነገረለትን ያህል አልታየም። የቀድሞው ጌም ሰርቨር የተጫዋቹን እንቅስቃሴ የሚያሰላው በሰከንድ 64 ጊዜ ሲሆን፣ አዲሱ አሠራር ተጫዋቹ የተኮሰበትን ቅጽበት በሁለት ስሌቶች መካከል ቢውልም እንኳ መዝግቦ ይልካል። ይህ የትክክለኛነት ችግርን ይፈታል፤ ርቀትን ግን አያሳጥርም። መልእክቱ ከፒያሳ ተነሥቶ ባሕር ማዶ ያለው ሰርቨር ዘንድ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ እንዳለ ነው። ጠባቂው ደጋግሞ ያነሣ የነበረው ቅሬታ ግድግዳ ጀርባ ከገባሁ በኋላ ነው የሚገድሉኝ የሚል ነው፤ ለዚህ መንሥኤው በዋናነት ያ የጉዞ ጊዜ ነው። ተቃዋሚው በእሱ ስክሪን ላይ ጠባቂውን ገና ከግድግዳው ውጭ ሳለ ያየዋል፤ ይተኩሳል፤ ሰርቨሩም የተኳሹን እይታ ያጸድቃል።

እንዲህ ያለው አስተያየት ሙከራው የተዘጋጀለት ዋና ነገር ነበር። አሮጌ ኮምፒውተር፣ በሲም ካርድ የሚሠራ ኢንተርኔት፣ ሩቅ ሰርቨር፤ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ከየት ይገኛል? ነገር ግን ከሦስቱ አንዳቸውም ለኩባንያው አንድ መስመር አልጻፉም። ለምን እንዳልጻፉ ስጠይቃቸው ታናሹ ጌሙ እንዲበላሽባቸው እንደማይፈልግ፣ ጠባቂው እንግሊዝኛው እንደሚከብደው፣ ታላቁ ደግሞ በአንድ አካውንት ሦስት ሰው መጫወቱ ይታወቅብናል ብሎ እንደሠጋ ነገሩኝ። የታላቁ ምክንያት ከሁሉም የጠነከረ ይመስለኛል። ግብዣውን ያመጣው መጋራቱ ስለሆነ፣ ሙከራው የሚፈልገውን ቃል እንዳይሰጡ ያደረጋቸውም ይኸው መጋራት ነው። ኩባንያው ከዚህ አካውንት ያገኘው የጨዋታ መዝገብ ጠዋት አንድ ዓይነት፣ ማታ ሌላ ዓይነት ችሎታ ያለው፣ ቅዳሜ ደግሞ ረጋ ብሎ የሚጫወት ሰው መዝገብ ነው። መሐንዲሶቹ አንብበውት ከሆነ ምን እንዳሉ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ተራው የማን ነው?

ጥሉ የመጣው በሳምንቱ ነው። ታላቁ አካውንቱ የእኔ ነው አለ፤ ታናሹ ሰዓቱን ያጠራቀምኩት እኔ ነኝ፣ ባልጫወትበት ኖሮ አይመረጥም ነበር አለ፤ ጠባቂውም ይህንኑ ክርክር በዝግታ ደገመው። በውሉ መሠረት ታላቁ ትክክል ነው፤ አካውንት የሚታወቀው በከፈተው ሰው ስም ነው። በምርጫው አሠራር ግን ታናሹም ትክክል ነበር፤ በቅርብ ጊዜ የተደረገው ጨዋታ በአብዛኛው የእሱ ነውና። ሁለት ዓይነት እውነት በአንድ ፓስወርድ ላይ ሲገናኙ ውል ጠቅሶ ብቻ ማስታረቅ አይቻልም።

የታረቁት በቤቱ ባለቤት ሽምግልና ነው። ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ራሳቸው ጌም የማይጫወቱ ሰው ናቸው፤ ስለ ፕራይምም ስለ ትረስት ፋክተርም የሚያውቁት ነገር የለም። «እቁብ ነው በሉት፤ በተራ ብሉ» ብለው ቀኑን ከፋፈሉላቸው፤ ታላቁ ቅዳሜና እሑድ፣ ታናሹ በአዘቦት ከሰዓት በኋላ፣ ጠባቂው ጠዋት። ይህ ከዚያ በፊት ከነበረው ልማድ የተለየ አልነበረም፤ ልዩነቱ አሁን ተነግሮ መጽናቱ ነው። አንድ አዲስ ነገር ግን ጨመሩ፤ በጨዋታ መካከል የተሳደበ ወይም ጥሎ የወጣ ሰው ተራው ይቀራል። ይህን ያሉት ቤታቸው ውስጥ ስድብ ስለማይወዱ ነው። ሳያስቡት የአካውንቱን ትልቁን አደጋ ነክተዋል፤ አካውንቱን የሚጋሩ ሰዎች ስሙን፣ ጥፋቱንና እገዳውንም ይጋራሉና። በማጭበርበር የሚጣል የቫክ (የቫልቭ ጸረ ማጭበርበር ሥርዓት) እገዳ ዘላቂ ነው፤ ከሦስቱ ማን እንዳጠፋ ጠይቆ የሚያነሣው የለም።

ተራው ለሁለት ወር ያህል ተከብሮ ሠራ። ታናሹ አንድ ጊዜ ብቻ ከሽንፈት በፊት ጥሎ ወጥቶ የሁለት ቀን ተራ ተቀጥቷል።

ከሐምሌ በኋላ

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የነበረው ግጭት ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በሲም ካርድ የሚሠራው የቤቱ ራውተር ሥራ አቆመ፤ ጌም ቤቱም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨርሶ ተዘግቶ ከርሞ፣ ኋላ ኢንተርኔት የማይፈልጉ የእግር ኳስ ጌሞችን ብቻ እያጫወተ ተከፈተ። በዚያ ወቅት ለጌም የሚጨነቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም ይህን የማነሣው የጉዳዩ ሰንሰለት ስለሚያልፍበት ብቻ ነው።

ኩባንያው ግብዣውን ያሰፋው ኢንተርኔት በተቋረጠበት በዚያው ጊዜ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ላይ ፕራይም ያላቸውን፣ በቀድሞው ጌም ጸንቶ ያለ የውድድር ደረጃ ያላቸውንና ሙከራው በሚካሄድበት የዓለም ክፍል የሚጫወቱትን ሁሉ በተቻለ መጠን እንደሚጋብዝ አስታወቀ። በጌም ቤቱ ውስጥ ከወንድማማቾቹ አካውንት ሌላ ፕራይም የነበራቸው ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ ሁለቱም በግንቦት ወር አለመመረጣቸው ከንክኗቸው ነበር። አዲሱ መስፈርት ለእነሱ ልክ የተሰፋ ይመስል ነበር። ሆኖም በቀድሞው ጌም የውድድር ደረጃ አንድ ወር ያህል ካልተጫወቱበት ጊዜው ያልፍበት ነበር፤ እስኪጫወቱ ድረስም ጸንቶ አይቆጠርም ነበር። ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ አንድም ጨዋታ መግባት ያልቻለ ሰው በነሐሴ ማብቂያ ላይ ከመስፈርቱ ውጭ ለመሆን በቂ ጊዜ አልፎታል። ደግሞስ ቢጋበዙ ማስታወቂያውን በምን ይከፍቱታል? «በቅርብ ጊዜ የተጫወተ» የሚለው መስፈርት ግንኙነቱ የማይቋረጥ ሰውን ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ነው፤ ቸል ብሎ የተወውን ሰው መስመሩ ከተቆረጠበት ሰው ለይቶ አያውቅም። ይህን ኩባንያውን ለመክሰስ አልጻፍኩትም፤ መለኪያው የሚያየው መዝገብ እንጂ ምክንያት እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ካውንተር ስትራይክ 2 ለሁሉም የተለቀቀው መስከረም 16 ቀን 2016 ዓ.ም. በደመራ ዕለት ነው። በስቲም ላይ የቀድሞውን ጌም ተክቶ ስለመጣ ውሱኑ ሙከራም፣ ከሙከራው ውጭ የቀረው አሮጌው ጌምም አብረው አበቁ። ኢንተርኔት ሲመለስ ወንድማማቾቹ ስቲምን ከፍተው ያገኙት ሁሉም ሰው ያለውን ጌም ነው፤ በግንቦት ወር ከሌላው የለያቸው ቁልፍ አሁን የለም። የተጋባዥነት ምልክት፣ ስኪንም ሆነ ሜዳልያ፣ በአካውንቱ ላይ አላገኙም።

ታላቁ ከዚያ በኋላ ፓስወርዱን ቀይሮ የስልክ ማረጋገጫ አክሎበታል። ለታናሹ የራሱን አካውንት ከፍቶለት፣ ፕራይሙን አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በካርዱ ገዝቶላቸዋል። ጠባቂው ቤቱን ለቆ ባሕር ዳር ሥራ ይዟል፤ በራሱ አዲስ አካውንት እንደሚጫወትና ጨዋታውም በአጭበርባሪ የተሞላ እንደሆነ ነግሮኛል። የቤቱ ባለቤት ከኮምፒውተሮቹ መካከል በሦስቱ ላይ ራም አስጨምረውና ግራፊክስ ካርድ አስገብተው አዲሱን ጌም ጭነውባቸዋል፤ የቀሩት አምስቱ ለእግር ኳስ ብቻ ያገለግላሉ። በመግቢያው ግድግዳ ላይ የሰዓቱ ዋጋ ከተጻፈበት ወረቀት ሥር አሁን አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ቤቱ ለጠፋ ወይም ለተጋራ አካውንት ኃላፊነት እንደማይወስድ ይገልጻል።